ዘጠነኛው ጣት

ልጄን አሥርቱን ትእዛዛት ያስተማርኳት በጣቶቿ ነው። ከቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጀምረን ወደ አውራ ጣቷ እንመጣለን፤ ከዚያ ከግራ አውራ ጣቷ ወደ ትንሿ። አምስተኛው፣ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው፣ የቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ይውላል። ዘጠነኛው፣ በሐሰት አትመስክር የሚለው ደግሞ የግራ እጇ የቀለበት ጣት ላይ። ቅዳሜ አመሻሽ፣ ከእራት በፊት፣ እጆቿን ዘርግታ ፊቴ ትቆማለች። በሳምንቱ ያፈረሰችው ትእዛዝ ካለ ያንን ጣት ታጥፋለች፤ ጥፋቷን ነግራኝ አብረን ስንጸልይ መልሳ ትዘረጋዋለች። ማንም አላሳየኝም፣ የራሴ ፈጠራ ነው። ያኔ እኮራበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እኔና ባሌ ጌታን የተቀበልነው ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ተራ ስንጠብቅ ነው። ጥበቃው ዓመታት ፈጀ፤ ሰው ደግሞ ሲጨንቀው የሚያጽናናውን ይይዛል። የባሌ እናት ቀድመውን መጥተው ክፋር ዮና ተቀምጠዋል። ወደ አባቶቻቸው የአይሁድ ሃይማኖት ተመልሰው ሰንበትን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሴት ነበሩ። እኛም ኔታንያ ስንገባ በወረቀቱ እንደሳቸው ነበርን፤ በልባችን ግን ክርስቲያን። ራማት የዲዲም ባለው ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን መጽሐፍ ቅዱሱ የሚቀመጠው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ነበር። እናቴ ገና ጎንደር ነበረች፣ ፋይሏ አላለቀም። ወሬው ከወጣ በኔ ጦስ ተራዋ ይቀራል ብዬ ሌት ተቀን እፈራ ነበር። ፍርሃቴ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ወንድም በመኪናው ቴል ሞንድ አጠገብ ወዳለ ቤት ይወስደናል፤ እዚያ ከጥቂት ሰዎች ጋር እንጸልያለን። እሑድ ጠዋት ደግሞ አማቴ ይደውላሉ። መጀመሪያ ከኔ ጋር ያወራሉ፣ ቀጥሎ ልጅቷን አቅርቢልኝ ይላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ሰንበትን የት ዋላችሁ? መልሱን አስጠንቻታለሁ። "ቤት ነበርን፣ ሳቭታ" ትላለች፤ አያቷን የምትጠራቸው በዕብራይስጡ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አዳምጣለሁ። ድምጿ ካልተንቀጠቀጠ ጎሽ እላታለሁ።

በሌላው ነገር ግን ጥብቅ ነበርኩ። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋን ላጲስ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁ። እጇን ይዤ እስከ ልጅቷ ቤት ሄድኩና፣ እናትየው ፊት አፏን ከፍታ "እኔ ነኝ የወሰድኩት" እንድትል አደረግኳት። ሴትዮዋ አፍራ፣ ለላጲስ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብላ ልትሸኘን ስትል እኔ እንቢ አልኩ። እውነት እውነት ነው አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን የምለው።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ እጆቿን ዘርግታ ስትቆም ዘጠነኛው ጣት ታጥፏል። የቀለበት ጣት ብቻውን እሺ ብሎ አይታጠፍም፤ ትንሿ ጣት አብራ ልትወርድ ስትል እየታገለች ነበር። ማንን ዋሸሽ አልኳት። ሳቭታን አለች፣ በየሳምንቱ።

እዚያው ተንበርክኬ ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ጣቷን ይዤ አቃናሁትና "ይሄ አይቆጠርም" አልኳት። ለምን ስትለኝ፣ ጎንደር ስላለችው አያቷ ነገርኳት፤ እግዚአብሔርም ያውቅልናል አልኩ። እሺ አለች። ጣቷን ግን መልሳ መላልሳ ታየው ነበር።

በዚያው ሳምንት ክፋር ዮና ሄድን። አማቴ ጭናቸው ላይ ትሪ አስቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንደ ልማዳቸው ልጅቷን ጠየቋት። ልጄ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። "ቴል ሞንድ ነበርን" አለች፤ "በመኪና ሄደን፣ በኢየሱስ ስም ጸለይን።" ወዲያው ወደኔ ዞራ አሥር ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። ከላጲሱ ቀን ጀምሮ የምፈልገውን ነገር ያደረገችልኝ መስሏት ነበር።

የአማቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ከዚያ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጭኗን ቆነጠጥኳት። እውነት ስለተናገረች ቆነጠጥኳት። ሰንበሩ ሳምንት ሙሉ አልጠፋም፤ ልብሷን በቀየርኩላት ቁጥር አየዋለሁ። አልጮኸችም፣ እንባዋ ብቻ ወረደ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለእናቴ ብዬ ነው እማማ፣ ይማሩኝ አልኳቸው። ቀና አደረጉኝ።

"ለማንም አልተነፍስም" አሉኝ። "ያንቺንና የአምላክሽን ነገር እኔ አልዳኝም። ግን ይችን ልጅ ለምን በኔ ላይ አስዋሸሻት? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ልጄ። ብትነግሪኝ ዝም እልልሽ አልነበር?"

ቃላቸውን ጠበቁ፤ እስኪሞቱ አልተነፈሱም። ለበዓል ይመጡ፣ ይስሙን፣ ይቀመጡ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከቤቴ ውሃ እንኳን አልቀመሱም። እሑድ ሲደውሉም ልጅቷን ሰንበትን የት ዋላችሁ ብለው ዳግመኛ አልጠየቋት። እናቴም ጎንደር ሞተች። ማንም አላሳጣትም፤ ተራው ብቻ ሳይደርሳት ቀረ። ያ ሁሉ ውሸት ለማን እንደጠቀመ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወታደር ሆናለች። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ቅዳሜ እኛ ቴል ሞንድ ስንሄድ እሷ ትተኛለች፤ ድካም ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሁንም ትጸልያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አዎ፣ ኢማ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በየእሑዱ አጠገቧ ቆሜ ጎሽ እያልኩ ያሳደግሁት ነው። እውነቱን ንገሪኝ ልጄ አልኳት፣ አልቆጣም።

ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱንም እጆቿን ወደኔ ዘርግታ አሥር ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ። ፈገግ ብላለች፤ ክፋት የለበትም ፈገግታዋ።

"ዘጠነኛው አይቆጠርም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?" አለችኝና ስልኳን መልሳ አነሳች።