ሰዓቱ ያየው፣ አገኘሁሽ የቆጠረችው

ይሁኔ ከወረታ ባሕር ዳር ሚኒባስ ሲያመላልስ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ልጁ ቤዛ የገዛችለት፣ እንቅልፍ የሚከታተል የእጅ ሰዓት ጣጣ እስኪያመጣ ድረስ እንቅልፉን በሽታ ብሎት አያውቅም። ሰዓቱ ስልኩ ላይ የላከውን መልእክት ያነበበችለትም እሷው ናት፦ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቋረጠ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክር።

ነገሩ አስደነገጠው፤ ቀን ቀን መሪ ላይ ዓይኑ እየከበደ ያስቸግረው ነበር። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰው እንደጫነ የጉማራን ድልድይ እንዴት እንዳለፈው አያስታውስም።

የሄደበት ክሊኒክ ግን ሰዓቱን ዞሮም አላየው። ደም ወሰዱ፣ ታይፎይድ ነው አሉ፣ ክኒን ሰጡ። ክኒኑን ጨረሰ፤ መልእክቱ ተመልሶ መጣ። የሥራ ጓደኛው ዘመኑ ደግሞ፣ “ዱካክ ነው የሚጫንህ፤ ወንዛዬ ወርደህ ተጠመቅ” አለው። ሦስት ቀን ፍል ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ተመለሰ። ገላው ለሰለሰ እንጂ እንቅልፉ ያው ነው። ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆኖ የሚሰማው አንድ ሰው ጠፋ፤ ይሁኔ በገነ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ያገኛት ዶክተር ሠርካለም፣ “ሰዓቱ ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አያረጋግጥም” አለችው። “አብሮዎት የሚተኛው ማነው?”

“ባለቤቴ ናት።”

“ነገ ይዘዋት ይምጡ።”

በማግስቱ ሚስቱ አገኘሁሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች። “ይቆማል” አለች ስትጠየቅ። “ሲያንኮራፋ ቆይቶ ጸጥ ሲል አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ። አንዳንዴ መሐሉ፣ ‘ሲሳየነ’ ላይ ይመለሳል። ወደ መጨረሻው፣ ‘አላ አድኅነነ’ ስደርስ ካልተመለሰ በክርኔ እጎስመዋለሁ።”

ዶክተሯ ሰዓቷን እያየች ጸሎቱን እስከዚያ አስደገመቻት። ሃያ ስምንት ሰከንድ። ጻፈችው።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለ ይሁኔ።

“ሦስት ዓመት ይሆነዋል።”

“ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ጭኜ ስወጣ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?”

“ስጎስምህ ትሰድበኝ የለ? ጠዋት ላወራህ ስል ደግሞ ‘እኔ አላንኮራፋም’ ትላለህ።”

ንዴቱን ማን ላይ እንደሚያሳርፈው ጨነቀው። ዶክተሯ ለእንቅልፍ ምርመራ አዲስ አበባ ላከችው፤ እስከዚያ በጎኑ እንዲተኛ፣ መሪ እንዳይጨብጥ አዘዘች።

በሳምንቱ ለምርመራው ሲነሣ፣ እስከ ባሕር ዳር በገዛ ሚኒባሱ ከአገኘሁሽ ጎን ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። ዘመኑ ይነዳል። ይሁኔ አንገቱ አዘነበለና ሐሙሲት ሳይደርሱ አንቀላፋ።

ክርን ጎኑን ወጋው። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ተወው።

“እስከ የት አደረስሽው?”

“አላ አድኅነነ።”

የዘመኑን እጆች መሪው ላይ አየ።

“ከእንግዲህ እዚያ ድረስ አትጠብቂ” አላት። “ሲሳየነ ላይ ጎስሚኝ።”