አልቃና ያለው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የልጇን የትምህርት ቤት ቀሚስ ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ልጅቷ ስትለብሰው ግን ጫፉ አሁንም በግራ በኩል ከፍ ይላል። «ምን ነካኝ? እጄ ከዳኝ እንዴ?» ብላ በራሷ በሸቀች። አስወልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በሜትር ለካችው። ጨርቁ ቀጥ ያለ ነው።

ያኔ የራሷ ጀርባ ትዝ አላት። የእሷ አከርካሪ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጣመመ ነው። ሐኪሙ ያዘዘላትን ስፖርት ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግታ ትሠራለች። ወተት ገና ሲሸታት የሚያንገሸግሻት ሴትዮ፣ «ለአጥንት ነው» ስለተባለች ዓይኗን ጨፍና ትጨልጠዋለች። ሕመሙ ጋብ ይላል እንጂ አጥንቱ አልተቃናም። ልብሷ ውስጥ፣ ዝቅ ባለው ትከሻ በኩል፣ ስፖንጅ ስለምትሰፋበት ግን ማንም አያውቅብኝም ብላ ነው የምትኖረው።

ልጇን ጠርታ «የኔ እናት፣ እስቲ ጎንበስ በይልኝ» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ስትል የጀርባዋ አንዱ ጎን ጉብ ብሎ ወጣ። ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ስፖርቱንም አብረን እንሠራለን ልትላት አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ግን ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየችና ቀደመቻት። «እማዬ፣ በቃ አትበሳጪ። ለኔም እንዳንቺ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ክተቺበት፤ ማንም አያውቅብኝም።»