ወይብ ወደ ናይል አይወርድም

የጻፍኩትን ሁሉ ከአዘጋጁ በፊት የምታነበው ባለቤቴ ነበረች። ስህተት ስታገኝ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን እያወረደች፣ "ጋዜጠኛው፣ ና እስቲ ወዲህ" ትለኛለች።

ካይሮ ለሥራ መጥተን ቀረን። ማስታወስ ሲሳናት፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ካለው ቤታችን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ናይል ዳር እወስዳት ጀመር። እዚያ ተቀምጠን፣ በወጣትነታችን በባሌ ተራሮች በእግር ጉዞ ያሳለፍናቸውን ስድስት ቀናት አወራላታለሁ። በትክክል ስተርክላት ዝም ትላለች፤ ስሳሳት ግን ትነቃለች። ይህን በአጋጣሚ ደረስኩበትና ሆን ብዬ መሳሳት ያዝኩ። በሥራ ዘመኔ ያላረጋገጥኩትን ነገር ጽፌ አላውቅም።

"ሳነቲ ላይ ያየናቸው ቀይ ቀበሮዎች ሁለት ነበሩ" እላለሁ።

"ሦስት! አንዷ እንኳ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብታ ሳለ አንተ አስነጠስክ። ምሳዋን አስመለጥካት እኮ!"

"ሐይቁ ዳር ያደርን ለታ የዘነበው ዝናብ…"

"በረዶ ነው! ድንኳኑን ያጎበጠው ምን ሆነና? ኧረ አንተ ጡረታህ ደርሷል።"

ወራት አለፉ። ቀበሮዎቹ ሁለት ናቸው ስላት ዝም አለች። በረዶውም ዝናብ ሆኖ ቀረ። ያላረመችውን ስህተት ደግሜ አላነሳም፤ አንድ ብቻ ቀረኝ።

በባሌ ጉዟችን በአራተኛው ቀን፣ ጫማዋን አስይዛኝ የወይብን ወንዝ በባዶ እግሯ ተሻግራ ነበር። ወይብ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ከባሌ የሚወርድ ውሃ ናይል ይገባል ያለውን ሰው ሠርግ ቤት እንኳ አትምረውም። ስለዚህ ይህን ለመጨረሻ አቆየሁት።

ባለፈው ሐሙስ የናይልን ውሃ አሳየኋት። "የተሻገርሽው ወይብ እኮ ነው። ይኸው እዚህ ደረሰ።"

ጠበቅኩ። እጇ ወደ ጆሮዋ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

"እውነት?" አለች። ፊቷ በራ። "ያን ሁሉ ተራራ ወርዶ?"

ላርም አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ጫማዋን ማውለቅ ጀምራለች።

"ያዝልኝ" አለች፣ ያኔ እንዳለችኝ።

ከእኛ እስከ ውሃው የብረት አጥርና ከፍ ያለ ግንብ አለ። ጫማዋን ተቀበልኳት። ፀሐይ ሲያግለው በዋለው ንጣፍ ላይ በባዶ እግሯ ቆመች።

"ኧረ ይቀዘቅዛል" አለች።

"አዎ" አልኳት።