ለእናትነሽ የተመለሰ አንድ ማርክ

ረቡዕ፣ ከዳባት

በጠዋቱ ሚኒባስ ከዳባት የተነሣሁት የራሴን ስህተት ለማረም ነው። ደባርቅ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምና በፈተና ላይ ስለ ኳዛር፣ ማለትም እጅግ ሩቅ ባለ ጋላክሲ መሐል በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ስለሚፈልቀው ብርሃን፣ «እውነት ወይም ሐሰት» ብዬ ጠይቄ ነበር፦ «በአጠገቡ ያለ የጋዝ ደመና ብርሃኑን ሲውጥ እውቀት ያሳጣናል።» የእኔ መልስ «እውነት» ነበር። እናትነሽ የምትባል የአምባራስ ልጅ «ሐሰት» ብላ ከጎኑ ምክንያት ጻፈች። ሳላነበው ኤክስ አደረግሁበት። አርባ ዘጠኝ አምጥታ ወደቀች።

እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን ቀለም ብቻ እንደሚውጥ አስተምሬያቸው ነበር፤ ቀጥሎ ያለው የገባኝ ግን ክረምቱን ሳነብ ነው። ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ የጎደሉት ቀለሞች ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። ደመናው ከምን እንደተሠራ፣ በምን ፍጥነት ከኳዛሩ እየተገፋ እንደሚወጣ ከነሱ ይታወቃል። ያን ጊዜ የእናትነሽን ወረቀት አውጥቼ ምክንያቷን አነበብኩ፤ የጎደለው ራሱ ይናገራል ብላ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ ዓመት ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ያበቃል።

ከደባርቅ ወደ ላይ

ከደባርቅ በአይሱዙ ተጫንን። የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። አጠገቤ ለነበሩ እናት ወደ አንዲት ተማሪዬ ቤት እንደምሄድ ስነግራቸው የተቀቀለ ድንች አወጡ።

«ልጅቱ ምን አጥፍታ ነው ይህን ያህል የምትለፊው?»

«ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ብዪ። ይቅርታ በባዶ ሆድ አይሆንም።»

ሦስት ድንች በላሁ። ከአውራው መንገድ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

አምባራስ

አባቷን አያ ወርቁን ከገብስ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። እናትነሽ አብራቸው ነበረች፤ ስታየኝ አንገቷን ደፋች። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«መምህር ተሳስቶ እዚህ ድረስ ሲመጣ ገና አየሁ» አሉ አያ ወርቁ።

«መጽሐፋችን ላይ የለም፤ ከየት አወቅሽው?» አልኳት።

ወደ ማሳው ገባች። «ይኼ አገዳው ከሥሩ ተቆርጧል፤ አይጥ ነው። ይኼ ፍሬው ተለቅሞ ገለባው ቀርቷል፤ ወፍ ነው። እዚያ ዛላው ከነጭራሹ የለም፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቲቸር፣ አንዳቸውም ሲበሉ አላየሁም። የጎደለውን አይቼ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ሦስቱንም አየሁ። ከዚያ «አልፈሻል፤ ዓርብ ተመዝገቢ» አልኳት።

«እንደኔ ሐሰት ያሉትስ?»

«እሺ በያት እንጂ! አሁን ደግሞ አንቺ ልትፈትኛት ነው?» አሉ አባቷ።

እኔ ግን «ልክ ናት፤ ቤት ስገባ እመረምራለሁ» አልኩ። የሌሎቹን አላየሁም ነበር።

ያን ምሽት አጎዛቸውን ለእኔ አንጥፈው እሳቸው መደቡ ላይ ተኙ። «ነገ አብራችሁ ውረዱ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ወደ ቤት

እናትነሽን ደባርቅ አክስቷ ዘንድ አድርሼ ዳባት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። «ሐሰት» ያሉ ሌሎች ሁለት አገኘሁ። የአንዱ ምክንያት ግምት ነበር፤ የሌላኛዋ ትክክል ነው። ማርኳን መለስኩላት።

ድንች ያካፈሉኝን እናት፣ አጎዛቸውን የለቀቁልኝን አያ ወርቁን እግዜር ይስጥልኝ። እናትነሽን ደግሞ ስላስተማረችኝ አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ ምክንያቱን ሳላነብ ኤክስ አላደርግም።

ዓርብ በሁለት ሰዓት እናትነሽን ከመዝጋቢው ፊት ተሰልፋ አየኋት። ተራዋ ሲደርስ ስሟን ጮክ ብላ ተናገረች።