የኮምፔንሳቶው መርከብ

መርከቡን የሠራነው አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ውሃ በማይታይበት ቦታ ነው። ከኋላው የጎማ ማከማቻ፣ ከፊቱ ፓርኪንግ ያለው ትልቅ መጋዘን ነበር። እውነተኛው መርከብ ገና አልተጀመረም። ብረቱ የሚቆረጠው ባሕር ማዶ፣ እኔ በማላውቀው አገር ነው። ባለቤቱ ግን የወረቀት ሥዕል አልበቃው ብሎ መኝታ ቤቱን፣ ሳሎኑን፣ ደረጃውንና ከታች ያሉትን የሠራተኛ ክፍሎች በእግሩ ገብቶ ማየት ፈለገ። ስለዚህ የመርከቡን ሆድ ልክ በልኩ በኮምፔንሳቶና በካርቶን ሠራንለት። መጥቶ ይመላለስበታል፣ ይህ ይስፋ፣ ያ ይጥበብ ይላል። ከዚያ ይፈርሳል። ለአንድ ሰው መዝናኛ ይህ ሁሉ እንጨት ሲቆረጥ ሳይ ያናድደኝ ነበር።

አናጢው የአገሬ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር። "ካርቶን ቤት ውስጥ የሚኖር ድሃ ሞልቷል" ይላል ብሎኑን እያጠበቀ፣ "ካርቶን ቤት የሚያሠራ ሀብታም ግን ያየሁት እዚህ ነው።"

እኔ ስፖንጅ ቆራጭ ነበርኩ። ለአልጋውም ለሶፋውም የሚገባውን ስፖንጅ በኤሌክትሪክ ቢላዋ እቆርጣለሁ። ብናኙ አፍንጫ ይደፍናል፣ ፀጉር ውስጥ ይቀራል። ወደምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ሜትሮ ባቡር ውስጥ ሰው አጠገቤ መቀመጥ አይወድም። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆዳ ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ። መኪናው ላይ የምትሠራው ሴት ልትወልድ ስለደረሰች ወንበሩ ባዶ ሊሆን ነው። ስፌት እችላለሁ። አገር ቤት ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ የገባሁት ስፌት ቤት ነው። ወንበሩ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ግን የስፌት ክፍሉ አለቃ ናቸው።

አለቃዬን እትዬ ነበር የምላቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሰው የነበሩ፣ እንግሊዝኛቸው ከፈረንጆቹ የማያንስ ሴት ናቸው። የአማርኛ ቸርቻችን ውስጥ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ሥራውን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ እንድረሳው አልፈቀዱልኝም። ሰው ፊት ሲያስተዋውቁኝ፣ "ከቸርች ያመጣኋት ናት። ብዙም አልተማረችም፣ ግን ታዛዥ ናት" ይላሉ፤ እቃ የሚሸጡ ይመስላሉ። እኔ ሰው ፊት ቃል ስለማይወጣኝ መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸው ዝምታዬን ምስጋና ያደርጉታል። ምስጋና አልነበረም። ጥላቻ ነበር።

ባለቤቱ በሚመጣበት ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያዙኝ።

"ስሚ። ዛሬ ታች ያለው የሠራተኛ አልጋ ላይ የምትተኚው አንቺ ነሽ።"

"እኔ? ወንዶቹ ፊት?"

"የመርከቡ ዲዛይነር የባዶ አልጋ ልክ ሰው ያታልላል አለ፤ ሰው ተኝቶበት እንዲታይ ነው የሚፈልገው። ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ ሲጠይቁሽ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ ትነሻለሽ። ይህም ያቅትሻል?"

"ካልሲዬ ተቀዷል እኮ፣ እትዬ።"

"ካልሲሽን ማን ሊያይልሽ? ሙሽራ መሰልሽ?" ሄደው ተመለሱ። "በደንብ ካደረግሽው ሰኞ መኪናው ላይ ትቀመጫለሽ።"

ያቺን ቃል ይዤ ታች ወረድኩ።

የሠራተኛዋ ክፍል የባለቤቱን አልጋ የምታነጥፈው፣ ምግቡን የምታቀርበው ልጅ የምትተኛበት ነው። ከአልጋው ግርጌ ካለው ግድግዳ ወዲያ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ክፍል አለ። አናጢው ባዶ ጠርሙሶች እየሰበሰበ መደርደሪያው ላይ በሙጫ አጣብቆ ነበር። ባለቤቱ ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ያለ ካልሲ ጫማ አድርጓል። ሳሎኑን በሁለት እርምጃ አለፈው። መኝታ ቤቱን አንገቱን አስገብቶ አየው። የጠርሙሶቹ ክፍል ሲደርስ ግን ቆመ፤ እጁን ባዶዎቹ ላይ እያስኬደ ብዙ ቆየ። ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ እሰማው ነበር።

"አንድ ረድፍ ይጨመርልኝ" አለ።

"ግድግዳው ወደ ሠራተኛዋ አልጋ ይገባል" አለ ዲዛይነሩ።

"ምን ያህል ቦታ ትፈልጋለች እሷ?"

ሁሉም ዞረው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ወንዶች ከላይ ሲያዩኝ ፊቴ ጋለ። እጄን ሆዴ ላይ አጣጥፌ ጣሪያውን አየሁ።

"ተመችቶሻል?" አለኝ ዲዛይነሩ። እንግሊዝኛ መስማት እችላለሁ፤ የሚያቅተኝ መናገሩ ነው።

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ።

እኛ ቤት ይህ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። አባቴ ታሞ የተኛ ጊዜ፣ ሊጠይቁት ለመጡት ሁሉ "ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" ሲል ነው የሞተው። ለእንግዳ ስቃይን መናገር እንግዳውን እንደ መክሰስ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ቃሌን እንደ ሜትር አነበቡት። ዲዛይነሩ ለአናጢው ምልክት ሰጠ፣ አናጢውም ብሎኑን ፈታ፣ ግድግዳው ተገፋ። የእግሬ ጣቶች እንጨቱን ነኩ።

"አሁንስ?"

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።"

እንደገና ገፉት። ስፖንጁ ከግርጌ ታጠፈ፣ ጉልበቴም ተነሣ። አናጢው ብሎኑን እያጠበቀ በአማርኛ አንሾካሾከልኝ፦ "እህቴ፣ ሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምሠራልሽ? አንድ ነገር በይ እንጂ!"

"አንተ ብሎንህን ፍታ!" አሉት እትዬ። ፊታቸው ለፈረንጆቹ እየሳቀ ነው።

ዲዛይነሩ ትንሽ ደነገጠ መሰለኝ። የሚከራይ መርከብ ቢሆን ኖሮ ለሠራተኛ አልጋ በሕግ የተወሰነ ልክ እንዳለ፣ ይህ ግን የግል ስለሆነ ያ ሕግ እንደማይነካው ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እንግዲያው ችግሩ ምንድነው?" አለ ባለቤቱ። "አጫጭር ልጆች እንቀጥራለን። ይኸው፣ ይህቺ ገብታለች።" ሳቀ። ዲዛይነሩም ሳቀ። እትዬም ሳቁ።

የእትዬ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ። ያቺን የምትቀጠረዋን ልጅ አላውቃትም። ግን እሷም ስትጠየቅ ደህና ነኝ እንደምትል አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው እንደዚያ ለምትል ሰው ነው። እኔ ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር የእሷ እግር እየታጠፈ ነው።

"አሁንስ?" አለኝ ዲዛይነሩ ለሦስተኛ ጊዜ።

"ኖ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። "ኖ ጉድ። እግሬ።"

 ባለቤቱ ወደ እትዬ ዞረ፤ እሳቸውም "ዓይናፋር ናት፣ ስትጫወት ነው" አሉት በእንግሊዝኛ። ከዚያ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ በአማርኛ፣ "አፍሽን ዝጊ። አዋረድሽኝ። ሰኞን እርሺው" አሉኝ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ራሴ ግርጌ ካለው ግድግዳ ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

"ከተመቸ እርስዎ ይተኙበት፣ እትዬ" አልኳቸው።

አናጢው ሳቁን መያዝ አቃተው። ዲዛይነሩ ምን አለች ብሎ ጠየቀው፤ እሱም ተረጎመለት። ባለቤቱ በጣም ደስ አለው። "እውነቷን ነው፤ አንቺ ሞክሪው እስቲ" አላቸው እትዬን፣ እንደ ጨዋታ።

ከአልጋው ወረድኩላቸው። እንቢ የሚሉ መሰለኝ። አርባ ዓመት እዚህ የኖሩ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጡት ሴት ናቸው፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልጋቸው። አላሉም። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። በቅርብ ጊዜ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ተደርገው ነበርና እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው ነው አልጋው ላይ የጫኑት። ከእኔ ይረዝማሉ። ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው ታጠፈ።

"ተመችቶሻል?"

"በጣም ተመችቶኛል፣ አመሰግናለሁ" አሉ።

"ይኸው" አለ ባለቤቱ። ዲዛይነሩ በእርሳስ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ አናጢውም መሰላሉን ይዞ ተከተላቸው። ሁለታችን ቀረን።

መነሣት አልቻሉም። አንዴ ሞከሩ፣ ትከሻቸው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

"ምን ትገተሪያለሽ?"

እጄን ሰጠኋቸው። ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። ላብ አጥምቋቸዋል። እጄን ወዲያው ጣሉት።

"ዳቦሽን ከማን እጅ እንደምትበዪ አታውቂም" አሉ።

"አውቃለሁ። በየቀኑ ይነግሩኝ የለ።"

"አፍ አወጣሽ?" ጫማቸውን ለማድረግ ሞከሩ፤ ተረከዛቸው አልገባ አለ። አላገዝኳቸውም። "እኔ እዚህ እያለሁ መኪናው ላይ አትቀመጪም።"

"ልጅቷ ግን እዚህ ልትተኛ ነው።"

"የትኛዋ ልጅ?" አሉኝ። የምር ነው የጠየቁኝ፤ ማንን እንዳልኩ አልገባቸውም።

ሰኞ ስገባ መኪናው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። እትዬ አጠገቧ ቆመው ክር እንዴት እንደሚያልፍ ያሳዩዋታል። ቀና ብለው አዩኝና፣ "የታችኛውን ክፍል ፍራሽ በአዲሱ ልክ ቁረጪው፣ ዛሬ ይፈለጋል" አሉኝ።

አንድ ትልቅ ስፖንጅ ጎትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አዲሱ ልክ የሕፃን አልጋ ነው የሚመስለው። ቢላዋውን ሰካሁና ቆረጥኩት፣ ቀጥ አድርጌ፤ የማጣምምበት ምክንያት አልነበረም። የድሮው ፍራሽ ሁለት ሰው ነበር የሚያነሣው። ይህን ብቻዬን አቅፌ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄድኩ። እትዬ ለባለቤቱ ሶፋ የመጣውን ነጭ ቆዳ ዘርግተው እየለኩ ነበር። ስፖንጁን ቆዳው ላይ ጣልኩት። ብናኙ ቦነነ።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ።

"አልጋዎ ነው" አልኳቸው።

አዲሷ ሴት መኪናውን አቆመች። እትዬ ነጩን ቆዳ በመዳፋቸው መጥረግ ጀመሩ፤ እኔም ወደ ቢላዋዬ ተመለስኩ።