እሷ ልጆች አሏት

አጎቴን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የከተማችን የአራዳ ገበያ ሰው የሚያውቃቸው በጨርቅ ነጋዴነታቸው ነው። እኔ የማስታውሳቸው ግን እሑድ እሑድ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ተቀምጠው ነው። ዕቃቸው በባዶ ሃይላንድ ላይ የተጠቀለለ ክር፣ አንድ መንጠቆና ትል የያዘች ጣሳ ብቻ ነበር።

ከምንቀመጥበት ፊት ለፊት፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ የዋርካ ቅርንጫፍ አለ። እዚያ ላይ ዓሣ የምታድነዋ ጥቁርና ነጭ ወፍ ስታርፍ አጎቴ ክራቸውን ቀስ ብለው ይስቡና ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። ወፏ ጠልቃ፣ ዓሣዋን ይዛ እስክትሄድ ድረስ መልሰው አይጥሉትም።

«ምነው አያ፣ ዓሣው እየመጣ ነበር እኮ!» እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

«ተዋት። እሷ ልጆች አሏት፤ እኛ ሱቅ አለን» ይሉኛል።

ብዙ ጊዜ የምንመለሰው ባዶ እጃችንን ነው። እሳቸው ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ፤ ምንም የቀረባቸው አይመስሉም።

ከቀበርናቸው ወዲህ ድካም አልለቀቀኝም። ዘመድ ሁሉ «ሱቁን ክፈት እንጂ» ይለኛል። ቁልፉን ይዤ እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ።

ባለፈው እሑድ ክራቸውን ይዤ ብቻዬን ጎርጎራ ወረድኩ። ገና ጥዬው አረፍ ከማለቴ ወፏ መጥታ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች። ሳላስበው ክሩን ስቤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። የሚነጫነጭ የለ፣ የሚመልስ የለ።

ወፏ ዓሣዋን ይዛ ሄደች። እሷ ልጆች አሏት። ሱቁን ግን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።