በገደብ የተለቀቀ ሰው አጥር

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ ዝም አልኩ ብል ማን ያምነኛል? ከጊንጪ እስከ ጉደር በአፍ የሚያሸንፈኝ ገና አልተወለደም። በጉልበትም ቢሆን አምቦ ላይ ጎሚስታ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩት ሥራ ነው፤ የአይሱዙ ጎማ ብቻዬን ፈትቼ ብቻዬን እገጥማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ የቆሻሻ ውሃውን ወደ ግቢዬ ለቀቀና ተጣላን፤ አንዴ በጥፊ ብለው ጥርሱ ወለቀ። አንዴ ነው! ብደግመው መንጋጋውም አይገኝም ነበር። ሰፈሩ ወጥቶ መሰከረብኝ። ዳኛዋ ግን ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ሪከርድም የለበትም ብለው እስሩን በገደብ አደረጉልኝ። «ሁለት ዓመት ጥፋት ሳታጠፋ ከቆየህ አትታሰርም። ካጠፋህ ግን የዛሬውም ጭምር ይጠብቅሃል» አሉኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ።

ጎረቤቴም ይህን ሰምቶ ኖሯል። ክረምቱ ሲወጣ አጥር ላድስ ብሎ ተነሳ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እየነቀለ ወደ እኔ ግቢ አስገብቶ ይተክላል። በዚያ በኩል ነው መኪና የሚገባልኝ፤ እሱ ከጠበበ እንጀራዬ ተዘጋ።

«ወንድሜ፣ አጥሩ እግር አወጣ እንዴ?» አልኩት፣ ቀልድ ያበርደው እንደሆነ ብዬ።

ጉንጩን አዞረልኝ። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድምዬ፣ ና ምታኛ! ሌላ ጥርስ አለኝ።»

እጄ ተነሳ። ሚስቴ ከኋላ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። «አንተ ሰውዬ፣ ታስረህ እነዚህን ልጆች ማን ያበላልኛል? ግባ!»

ገባሁ። እኔ! በሩን ዘግቼ ዶማው ሲመታ አዳመጥኩ።

ቀበሌ ሄድኩ፤ «ምስክር አምጣ» አሉኝ። ጥፊዬን ያየ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ የተነቀለውን አጥር አንድም ሰው አላየም። ጥርሱ የትኛው ድንጋይ ሥር እንደወደቀ ሳይቀር ለፍርድ ቤት የተናገረችው ሴትዮ እንኳ ሳቀችብኝ። «እሱ ቢቀየመኝ ያስቸግረኛል። አንተ ገደብ ላይ ነህ፣ ምን ታደርገኛለህ?»

ገደቡ አለቀ። እኔ ወህኒ አልገባሁም፣ መኪናም ግቢዬ አይገባም። አሁን አስፋልት ዳር ተቀምጬ ጎማ እለጥፋለሁ፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ኮምፕረሰሬን እየጎተትኩ እሮጣለሁ። ፈጥሮ ነው የምትሉ ካላችሁ ሰፈሬ ሂዱና ጠይቁ። የጥፊውን አይደለም፣ እሱን ሳትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል። የአጥሩን ጠይቁ፤ እስቲ አንዱ ወንድ «አየሁ» ይበላችሁ!